የገመድ ድልድያችን ችካል ዋልካ አፈር ላይ አልጸና አለ

ሱሉልታ አካባቢ ባለው የስካውት ማሠልጠኛችን 12 ሜትር ስፋት ባለው ጅረት ላይ የገመድ ድልድይ አለን። መርገጫው የ20፣ ሁለቱ መያዣዎች የ16 ሚሊ ሜትር ናይለን ገመድ ናቸው። በአንዱ ዳር ትልቅ ባሕር ዛፍ ላይ ስለታሰረ ችግር የለም።

በወዲህኛው ዳር ግን ዛፍ የለም፤ አፈሩም ጥቁር ዋልካ ነው። እዚያ 1.2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ችካሎች ከፊት 3፣ ቀጥሎ 2፣ ከኋላ 1 ሆነው ተተክለዋል። ወደ ኋላ አዘንብለው 80 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ገብተዋል፤ የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ጋር በገመድ ተወጥረዋል። በበጋ ንቅንቅ አይሉም። ሐምሌ ሲገባ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይላላል፤ የፊተኞቹ ወደ ጅረቱ ያጋድላሉ፣ ከኋላቸውም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል።

ዙሪያቸውን ቆፍረን ድንጋይና ሰሌክት (ለሙሌት የሚውል ጠጠራማ አፈር) ሞላንበት፤ ባሰበት። ዋልካ ውሃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ ገንዳ ሆነ። ገመዱን ማጥበቅም አያዋጣም፤ በጣም በተወጠረ ቁጥር ችካሉ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል፣ ረገብ ማለቱ ይሻላል።

ልጆቹ የሚመጡት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በክረምት ነው። ድልድዩን ለጊዜው ዘግተነዋል፤ በጣም የሚወዱት እሱን ነውና ያሳዝናል። አሁን ያሰብነው ችካሎቹን ነቅለን 2 ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ግንድ በአግድም ቀብረን ገመዱን እሱ ላይ ማሰር ነው። ዋልካ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ግንዱ ክረምቱንም እንዲይዝ ስንት ሜትር ጥልቀት ይቀበር?