«ችለው ነበር» ማለት ምን ማለት ነው? የሹትል ዝግጅት የባከነ ጊዜ ነበርን?

ብርሃነ ሰማይ
ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ የሳይንስ ዝግጅት ላይ የቀረቡ እንግዳ የተናገሩት ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። የስፔስኤክስ ኩባንያ ፋልከን 9 ሮኬት የታችኛው ክፍል በ9 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ መብረሩን ካደነቁ በኋላ፣ «የሹትል ሠራተኞች ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሴራሚክ ሲለጥፉ ኖሩ፤ የባከነ ዕድሜ ነው» ብለው ደመደሙ። አዘጋጁም አብሮ ሳቀ።

እኔ የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። ሹትል፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት (ናሳ) ሰው ይዛ ደጋግማ ትበር የነበረች መንኮራኩር፣ ከጠፈር ተመልሳ በፍሎሪዳው ኬኔዲ የጠፈር ማእከል ሀንጋር (የጥገና አዳራሽ) ውስጥ ስትገባ የሚጠብቃት ሥራ በአንድ ሐረግ ተጠቅልሎ የሚጣል አልነበረም። በውስጧ የሚቀረው ነዳጅ መርዛም በመሆኑ ቴክኒሻኖቹ የራሱ አየር ያለው ድፍን ልብስ ለብሰው ሲሠሩ ሌላው ሰው በሙሉ ሕንጻውን ለቆ ይወጣል። ሦስቱ ዋና ሞተሮች ተነቅለው ለብቻቸው ይመረመራሉ። ከሙቀት እንዲከላከሉ በአካሏ ላይ የሚለጠፉት ሴራሚኮች በኋለኞቹ መንኮራኩሮች ላይ ወደ 24,000 ይጠጉ ነበር፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቅርጽና ቁጥር ስላላቸው የአንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ውኃ እንዳይገባባቸው የሚሰጣቸው መድኃኒት በመመለሻ ጉዞው ሙቀት ስለሚቃጠል፣ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ሴራሚክ በሴራሚክ እየተዞረ በመርፌ እንደገና ይወጋል። ይህ ካልተደረገ ሴራሚኩ የፍሎሪዳን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ይህን ነው እንግዳው «ሲለጥፉ ኖሩ» ያሉት።

ቁጥር ይናገር
ወንድሜ ብርሃነ፣ የሬዲዮ ዝግጅቱን እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሳቁ ተገቢ እንዳልነበር እስማማለሁ። ነገር ግን ሠራተኛውን ማክበር አንድ ጉዳይ ነው፤ የተገባው ቃል መፈጸም አለመፈጸሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ሹትል በ1970ዎቹ (ሁሉንም እ.ኤ.አ. እጽፋለሁ) ሲታቀድ፣ ካረፈ በኋላ በ160 የሥራ ሰዓት ለቀጣዩ በረራ ይዘጋጃል ተብሎ ነበር። በሁለት ፈረቃ ሲሠራ ይህ ሁለት ሳምንት ማለት ነው። በ135 በረራዎች አንድም ጊዜ አልተሳካም፤ ናሳ ራሱም የአንዱን በረራ ወጪ ወደ 450 ሚሊዮን ዶላር ያደርሰው ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በ1985 የሆነው ነው። ከሹትሎቹ አንዷ አትላንቲስ ኦክቶበር 7 አረፈች፣ ኖቬምበር 26 እንደገና ተነሣች፤ በ50 ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ችለው ነበር። ሹትሏ ቻሌንጀር በጃንዋሪ 1986 ስትነሣ ከጠፋችበት አደጋ በኋላ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ውጤት አልታየም፤ የተሻለው ኮሎምቢያ የተባለችው ሹትል የ1997ቱ 84 ቀን ነው። የቀነሰው ችሎታ ሳይሆን ድፍረት ነው፤ በፍርሃት ምክንያት ወረቀት በወረቀት ላይ ተደራረበ።

የሀንጋር ልጅ
«ችለው ነበር» በሚለው ቃል ላይ እንቁም፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነውና። እኔ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነኝ፤ በሙያዬ አንድ ሥራ ተቻለ የሚባለው ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው ጥራት መድገም ሲቻል ነው። የቻሌንጀርን አደጋ የመረመረው የሮጀርስ ኮሚሽን ስለ እነዚያ ወራት የጻፈውን አንብበዋል? መለዋወጫ ስላልነበረ ለምትበረው መንኮራኩር የሚሆነው ዕቃ ከሌላዋ ይነቀል ነበር። ይህን በኛ ሀንጋር ያየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፦ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ትፈታለህ፣ ሁለት ጊዜ ትገጥማለህ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም የመሳሳት ዕድል ይጨምራል።

ከዚያው ሪፖርት አንድ ሌሊት ልጥቀስ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1986 ኮሎምቢያ ልትነሣ 31 ሴኮንድ ሲቀራት ቆጠራው ቆመ። በኋላ ሲታይ ከ8,000 ኪሎ ግራም በላይ ፈሳሽ ኦክስጅን ሳይታወቅ ከታንኩ ወጥቶ ፈስሷል። ሠራተኞቹ በተከታታይ ሦስተኛ ቀናቸው የ12 ሰዓት የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበሩ፤ ስሕተቱ ሲፈጸም ከተቀመጡ 11 ሰዓት ሆኗቸዋል። ኮሚሽኑ ድካምን ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። እርስዎ የሚናፍቁት «ችለው ነበር» በዚህ ሁኔታ ላይ የቆመ ነው።

እኔም ሦስተኛ ሌሊትን አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት የክንፉን ሽፋን ዘግተን መሣሪያ ስንቆጥር አንድ አጭር ካቻቢቴ ጎደለ። አውሮፕላኑ ንጋት 12 ሰዓት መውጣት ነበረበት። የፈረቃው ኃላፊ ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያም «ክፈቱት» አለ። የገጠምነውን ቡሎን በሙሉ መልሰን ፈታን። ካቻቢቴው ከሚንቀሳቀሰው ገመድ አጠገብ ተጋድሞ ነበር። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ማስቀመጤን ግን ዛሬም አላስታውስም። አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ዘግይቶ ወጣ፤ ኃላፊውም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት።

ቁጥር ይናገር
ደብዳቤው ተገቢ አልነበረም፤ ይህን ከልቤ እላለሁ። ነገር ግን የጠቀሱት ሌሊት የጃንዋሪ 1986 እና የኮሎምቢያ ነው፤ እኔ የጠቀስኩት የኖቬምበር 1985 እና የአትላንቲስ ነው። አትላንቲስ በሰላም ተነሥታ በሰላም አረፈች። ቻሌንጀርም ቢሆን የጠፋችው ቴክኒሻን ተቻኩሎ አይደለም፤ በጎኗ ያለው የጠንካራ ነዳጅ ሮኬት መጋጠሚያ ንድፍ ደካማ መሆኑ እየታወቀ፣ መሐንዲሶች በዚያ ብርድ አይነሣ ብለው እያሳሰቡ፣ አለቆች ይነሣ ስላሉ ነው።

ሌላም ልጨምር። የ1999ኙን የኮሎምቢያ በረራ አስታውሱ። ከመሬት በተነሣች በ5 ሴኮንድ ገደማ የኤሌክትሪክ መስመር ተገናኝቶ በሁለት ሞተሮች ላይ ከየሞተሩ አንድ አንድ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ጠፋ፤ ደግነቱ ለእያንዳንዱ ሞተር መጠባበቂያ ነበረው። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ የአንድ ሽቦ ልባስ ከአንድ ቡሎን ጭንቅላት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተልጦ ተገኘ፤ ጉዳቱም ከሰው እጅ፣ ከጥገና ሥራ የመጣ ነው። ብዙ ሰው በገባ ቁጥር፣ ብዙ በተነካካ ቁጥር፣ ብዙ ይበላሻል። ረጅም ዝግጅት ደኅንነት ነው የሚለው ሐሳብ ራሱ መፈተሽ አለበት።

ከኦርላንዶ
ከክርክሩ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ «ሴራሚክ ለጣፊ» ስድብ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? እንግዳው ለማዋረድ ተናገሩት፤ ብርሃነ ሰማይም ሲከላከሉ «ይህን ነው ሲለጥፉ ኖሩ ያሉት» ብለው ሥራው ራሱ የሚያሳፍር አስመሰሉት። አባቴ በአዲስ አበባ 30 ዓመት ሴራሚክ ለጥፈው ነው ያሳደጉኝ። ማታ ሥራቸውን ሲጨርሱ ተንበርክከው እያንዳንዱን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ያዳምጡ ነበር። ባዶ ድምፅ የሰጠው ከሥሩ ማጣበቂያ ያልያዘ ነውና፣ ባለቤቱ ቢለምናቸውም እንኳ ያነሡት ነበር።

የሹትሉም እንዲሁ ነው። ሴራሚኩ በቀጥታ በአሉሚኒየሙ ላይ አይለጠፍም፤ ብረቱ ሲሳብና ሲኮማተር እንዳይሰነጥቀው በመካከል የጨርቅ ንጣፍ ይገባል፤ ከደረቀ በኋላም በመሣሪያ ተስቦ መያዙ ይረጋገጣል። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ሌላ እንዴት ይሠራል?» ነበር ያሉኝ።

ብርሃነ ሰማይ
እህቴ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አባትሽን የሚነካ ሐሳብ አልነበረኝም።

ቁጥር ይናገር ግን «ድፍረት ቀነሰ» ያሉትን እንዲያነሡልኝ እጠይቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ደፋሮች አልነበሩም ለማለት አይቻልም። ማርች 19 ቀን 1981፣ ኮሎምቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትበር ሳምንታት ሲቀሯት፣ ቴክኒሻኖች በናይትሮጅን ወደተሞላው የኋላ ክፍሏ ገቡ። ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የለውም። አንዱ በዕለቱ፣ ሌላው ከቀናት በኋላ ሞቱ። ማንም ጠፈርተኛ ገና ሳይነሣ ሹትል ሰው በልታ ነበር፤ የበላችውም ከአዘጋጆቿ ነው።

የፊዚክስ መምህርት
ሁለታችሁም የዘለላችሁትን ላንሣ። ቁጥር ይናገር ዝግጅቱ ከፍርሃት የተነሣ ረዘመ ይላሉ፤ የኮሎምቢያ የ2003 አደጋ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ከውጫዊው የነዳጅ ታንክ የሚወድቀው ፎም (የታንኩ የሙቀት መከላከያ ልባስ) ሴራሚኮችን ሲጎዳ ለዓመታት ታይቷል። በጊዜ ሂደት ግን ጉዳዩ ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑ ቀርቶ፣ ለቀጣዩ በረራ ዝግጅት ተጨማሪ ሥራ የሚፈጥር የጥገና ጉዳይ ተደርጎ ተቆጠረ። በኦክቶበር 2002 ከዚያው የታንክ ቦታ ትልቅ ፎም ወድቆ አንዱን የጎን ሮኬት መታ፤ ቀጣዩ በረራ ግን ቀጠለ። በጃንዋሪ 2003 አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ፎም የኮሎምቢያን ግራ ክንፍ መታ፤ ፌብሩዋሪ 1 ስትመለስ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ።

ልብ በሉ፦ «ሲመለስ ሀንጋር ውስጥ እንጠግነዋለን» የሚለው ሐሳብ ነው የገደላቸው። በዚያው ወቅት ለአለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አንድ ክፍል በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2004 እንዲነሣ ቀን ተቆርጦ፣ ወደዚያ ቀን እየቆጠረ የሚሄድ ሥዕል ለኃላፊዎች ኮምፒውተር ተልኮ ነበር። ድፍረት ያነሳቸው ሰዎች እንዲህ አያደርጉም።

ቁጥር ይናገር
መምህርት፣ የጠቀሱት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለእኔ ይመሰክራል። ወራት የፈጀው ዝግጅት፣ ሺዎች የፈረሙበት ወረቀት፣ ፎሙን አላስቆመውም። እንግዲያው ጊዜው የት ገባ? ፋልከን 9 ላይ ያለው ልዩነት ከጅምሩ እንዳይነካካ ሆኖ መሠራቱ ነው።

የፊዚክስ መምህርት
የፋልከን 9 የታችኛው ክፍል ሲለያይ ፍጥነቱ በሰዓት 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሹትል ከምሕዋር ስትመለስ 28,000 ያህል ነበር። ሲመለስ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ የሚያድግ ነገር ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ተኩል ሲሆን ጉልበቱ ከአሥራ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ደግሞም ያ ክፍል ሲመለስ ሰው የለበትም። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያርሙት ስሕተት ነው።

ቁጥር ይናገር
የፍጥነቱን እቀበላለሁ። «ችለው ነበር» ያልኩትን ግን አላነሣም፤ 50 ቀን 50 ቀን ነው። የሀንጋር ልጅ፣ እርስዎ በባለሙያነትዎ ስንት ቀን ይበቃል ይላሉ? አንድ ቁጥር ይስጡኝ።

የሀንጋር ልጅ
ቀን አልሰጥዎትም። መንኮራኩሯ ስትከፈት ምን እንደሚገኝባት ሳላይ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው፣ መልሱን እንጂ ሥራውን አልፈለገም። የ1999ኙን ሽቦ ያነሡት ትክክል ነው፤ ከዚያ በረራ በኋላ ግን መንኮራኩሮቹ በሙሉ ቆመው በያንዳንዳቸው ውስጥ ያለው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ ተመርምሮ ሌላም የተላጠ ተገኝቷል። በ50 ቀን ቢቸኮል ያን ማን ያየው ነበር?

ቁጥር ይናገር
ቀድሞውንም የተላጠው በእነርሱ እጅ ነው።

የሀንጋር ልጅ
አዎ፣ በእጃቸው ነው። ያገኙትም እነርሱ ናቸው። የ1997ቱን 84 ቀን በተመለከተ ግን ያልተናገሩት ነገር አለ፦ ከዚያ በፊት የነበረው በረራ በነዳጅ ሴል (ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ክፍል) ብልሽት አቋርጦ ስለተመለሰ በጭነት ክፍሏ የነበረው ቤተ ሙከራ ከመንኮራኩሯ ሳይወጣ ነው እንደገና የተነሣችው። አሁን ፈረቃዬ ደርሷል፤ ነገ ጠዋት ስወጣ በዚህ ላይ እንቀጥላለን።