ነገ ማለዳ ወደ ኪያንቲ ኮረብታዎች ልወጣ ነው፤ የብስክሌቴ የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ጎበጠብኝ

አርኖ ማዶ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ነገ እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥቼ እዚህ ጣሊያን ያሉትን የኪያንቲን ኮረብታዎች በአንድ ቀን ለመዞር ሁለት ወር ሙሉ ስዘጋጅ ቆይቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ደረጃ ሥር ያቆምኳትን ብስክሌት አንድ ሰው ገፍቶ በቀኝ ጎኗ ጥሏት አገኘሁ። አሁን ካቴናው ወደ መጨረሻው ትልቅ ጥርስ ሲወጣ ማርሽ መቀየሪያው ራጂውን (የጎማውን ሽቦዎች) እየነካ ትክ፣ ትክ፣ ትክ ይላል። መንገዴ በግሬቬ፣ በፓንዛኖ፣ በራዳ፣ በጋዮሌና በብሮሊዮ አድርጎ ሲዬና ይደርስና በካስቴሊና በኩል ይመለሳል፤ በጠቅላላው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ አያሳስበኝም፤ ዳገቱን ግን ያለ ቀላሉ ማርሽ የምሞክረው አይደለም። እባካችሁ፣ ምን ላድርግ?

መርካቶ ጎሚስታ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ያለሽበትን ከተማ፣ የብስክሌቱን ዓይነትና የጥርሶቹን ቁጥር ንገሪን። ከኋላ ቆመሽ ስታዪው መቀየሪያው ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል ወይስ ታችኛው ጫፉ ወደ ጎማው አዘንብሏል?

አርኖ ማዶ፦
ፍሎረንስ ነኝ፤ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ቴላዮው (የብስክሌቱ አካል) ካርቦን ነው። የፊቱ ትንሹ 34 ጥርስ ሲሆን የኋላው ትልቁ 32 ነው። መቀየሪያው በግልጽ ወደ ጎማው አዘንብሏል።

ጋሽ ሽቅብ፦
ልጄ፣ ቅር አይበልሽና የዛሬ ብስክሌተኛ በጥርስ ብዛት ተበላሽቷል። አንቺ የምትሄጂበት አገር የሌሮይካ፣ የድሮ ብስክሌቶች ጉዞ፣ አገር ነው። ይህ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1997 በጋዮሌ ሲጀመር ዓላማው አስፋልት ያልነካቸውን ነጫጭ የጠጠር መንገዶች ከመጥፋት ማዳን ነበር። እስከ ዛሬም በየዓመቱ በጥቅምት ወር መጀመሪያ በእነርሱ አቆጣጠር ይካሄዳል፤ ረጅሙ መንገድ 209 ኪሎ ሜትር ነው። የሚፈቀደውም እ.ኤ.አ. ከ1987 በፊት የተሠራ፣ የማርሽ መቀየሪያ ዘንጉ በቴላዮው ላይ ያለ ብስክሌት ነው። እነዚያ ሰዎች 32 ጥርስ የሚባል ነገር ሳያውቁ ይወጡታል፤ ሲያቅታቸውም ወርደው ይገፋሉ፤ መግፋት ነውር አይደለም።

ዳገት ወዳድ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ጎበጠ ብረት ነው።

ሶስና ከቦሎኛ፦
የጎበጠው መቀየሪያው ራሱ ላይሆን ይችላል። መቀየሪያውን ከቴላዮው ጋር የሚያያይዝ ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ አለ፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ ቴላዮው እንዳይሰበር እርሱ ቀድሞ እንዲጎብጥ ወይም እንዲሰበር ታስቦ ነው የሚሠራው። ጣሊያኖች ፎርቼሊኖ ዴል ካምቢዮ ይሉታል። እንደ ቴላዮው ዓይነት ቅርጹ ስለሚለያይ «ለመንገድ ብስክሌት የሚሆን» ብለሽ ብትጠይቂ አይገኝም፤ አሮጌውን ፈትተሽ በእጅሽ ይዘሽ ሂጂና ከአዲሱ ጋር አስተያዪው። ሱቆቹ አሁን ለምሳ ዝግ ናቸው፤ ብዙዎቹ በ9 ተኩል ይከፍታሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጨርሶ የማይከፍቱም ስላሉ አስቀድመሽ ደውዪ።

ሮማ 12፦
9 ተኩል እኮ አልፏል! እሁድ ደግሞ ማን ይከፍታል?

ሶስና ከቦሎኛ፦
በእኛ ሰዓት ነው ያልኩት፤ በእነርሱ 15 ሰዓት ከ30 ማለት ነው።

ሮማ 12፦
ለዚህ ሁሉ ሱቅ ፍለጋ ምን ያስፈልጋል? ማርሽ መቀየሪያውን በሁለት እጅ ይዘሽ ወደ ውጭ ሳብ ማድረግ ነው፤ እኔ ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

መርካቶ ጎሚስታ፦
አሉሚኒየም አንዴ ጎብጦ ሲቃና ይደክማል፤ በሌላ ጊዜ ዳገት መሐል በኃይል ስትረግጪ ቢሰበር መቀየሪያው ራጂው ውስጥ ገብቶ ቸርኬውን ሊያበላሽ ይችላል። ባለሙያ ማቃኛ መሣሪያውን መቀየሪያው በሚታሰርበት ቀዳዳ አስገብቶ እየለካ ቢያቃናው ግን ለአንድ ቀን ሊያገለግል ይችላል። ምንም ካልተገኘ፣ መቀየሪያው ላይ ኤል የሚል የላቲን ፊደል ያለበትን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት ወደ ቀኝ አጥብቂ፤ ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት ያቆማል፤ ራጂውንም አይነካም። ያን ጊዜ ቀላሉ ማርሽሽ 28 ጥርስ ይሆናል፤ እግርሽ ላይ 14 በመቶ ያህል ይከብዳል።

ዳገት ወዳድ፦
ስለ ቋንቋው አትስጊ። ጎማ፣ ካቴና፣ ራጂ፣ ካላማዳሪ፣ ካቻቢቴ እያልሽ ብቻ ግቢ፤ ጋራዥ ያደገ ሐበሻ ጣሊያንኛ አልችልም ቢል ማንም አያምነውም።

ሮማ 12፦
እኔ አሁንም በእጅ ሳብ ማድረግ ይበቃል ባይ ነኝ።

ኮረብታ ቆጣሪ፦
እኔን ያሳሰበኝ ማርሹ ሳይሆን «መመለሻው ቁልቁለት ነው» ያልሽው ነው። ሲዬና ከባሕር ጠለል በላይ 320 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ካስቴሊና 578 ሜትር ላይ ናት፤ 90 ኪሎ ሜትር የደከመ እግር ይዘሽ እንደገና 250 ሜትር ልትወጪ ነው። ከዚያ በኋላም እስከ ፓንዛኖ ድረስ ወጣ ገባ ነው። በኪያንቲ የሚጎዳው አንድ ትልቅ ተራራ አይደለም፤ ከግሬቬ ወደ ፓንዛኖ ወጥተሽ ትወርጃለሽ፣ ወደ ራዳ ወጥተሽ ወደ ጋዮሌ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ብሮሊዮ ትመጣለች፤ ያገኘሽውን ከፍታ ሁሉ ወዲያው መልሰሽ ትሰጪያለሽ። ፀሐይ በዚህ ሳምንት ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ከከተማ ውጭ በጨለማ የሚነዳ ብስክሌተኛ አንጸባራቂ ሰደርያ እንዲለብስም ሕጉ ያስገድዳል። ስለዚህ ጉዞሽን ሲዬና ላይ ጨርሺና በባቡር ተመለሺ፤ በኤምፖሊ በኩል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ለብስክሌቱ የተለየ ትኬት መግዛት እንዳትረሺ። የስልክሽ ካርታ የሲዬናና የፍሎረንስን ፈጣን መንገድ ቢመርጥልሽም እሺ አትበዪው፤ ለብስክሌት የተከለከለ ነው።

አርኖ ማዶ፦
እውነቱን ለመናገር ከፍታዎቹን ለየብቻ አይቻቸዋለሁ እንጂ ሲዬናን ከካስቴሊና ጋር አላስተያየኋቸውም ነበር። ባቡሩን እቀበላለሁ። ጋሽ ሽቅብ፣ እርስዎ እንዳሉት ብገፋም አላፍርም። የብሮሊዮውን ነጭ መንገድ ግን መተው አልፈልግም፤ ጎማዬ 28 ሚሊ ሜትር ነው።

ጋሽ ሽቅብ፦
ይበቃል፤ ነፋሱን ትንሽ ቀንሺለት። ጠጠሩ ላይ ቁልቁል ስትወርጂ የፊቱን ፍሬን በድንገት አትያዢ፤ ሽቅብ ስትወጪ ደግሞ ከኮርቻው አትነሺ፤ የኋላ ጎማሽ ክብደት ሲያጣ በባዶ ይሽከረከራል።

ሶስና ከቦሎኛ፦
ውኃ በየመንደሩ አደባባይ ካለው ቧንቧ ትቀጃለሽ፤ «ኖን ፖታቢሌ» የሚል ከተጻፈበት አይጠጣም። እሁድ ሱቅ ዝግ ሊሆን ስለሚችል የምትበዪውን ከቤትሽ ያዢ።

አርኖ ማዶ፦
ሱቁ ውስጥ ነኝ። ሰውየው ከአንድ ሳጥን ሙሉ ፎርቼሊኖ መካከል የሚመሳሰል አንድ አውጥቷል። ሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች ልክ ናቸው፤ ጠርዙ ግን ከእኔው በጥቂቱ ይወፍራል። ልውሰደው?

መርካቶ ጎሚስታ፦
እንዳትወስጂው። ውፍረቱ ከተለያየ ጎማው ቀጥ ብሎ አይታሰርም፤ ካርቦኑንም ይጫነዋል። አሮጌውን በመሣሪያ እንዲያቃናልሽ ጠይቂው፤ እርሱ ካቅማማ የኤል ብሎኑን ነገር አስታውሺ።

ኮረብታ ቆጣሪ፦
እሁድ ማታ 2 ሰዓት ሆኗል። እህታችን፣ ባቡሩ ላይ ነሽ?

ሮማ 12፦
በእኛ ነው በእነርሱ?

ፔሩጃ ሠፈር፦
ይቅርታ፣ የእኔም ብስክሌት ዛሬ ወድቆ ያንኑ ትክ ትክ እያለ ነው። ሳጥን ሙሉ ፎርቼሊኖ ያለው ሱቅ የትኛው ሠፈር እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።