ዲቪዲ መቅጃዬ ባዶ ዲስክ አልቀበልም አለኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ ያረጀ ዲቪዲ መቅጃ አለኝ። ፊልም ያጫውታል፣ ባዶ ዲስክ ሳስገባበት ግን ትንሽ ቀጭ ቀጭ ይልና «ዲስክ የለም» ብሎ ይተፋዋል። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ሌንሱን ጠርጥር። መቅዳት ከማንበብ የበለጠ የሌዘር ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ ሌዘሩ ሲደክም ወይም ሌንሱ ሲቆሽሽ መጀመሪያ የሚከዳህ መቅዳቱ ነው። ከሶኬት ንቀለው፣ ክፈተው፣ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነካ አድርገህ ሌንሷን ቀስ ብለህ ጥረጋት። የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ናት፣ እንዳትጫናት። ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ጋ እጅህን አታስገባ፣ ተነቅሎም ይነዝራል።

መልስ 2፦ ኧረ ከመፍታትህ በፊት ዲስኩን እይ! አንዳንድ አሮጌ ማሽን ማይነስ አር (DVD-R የሚል የተጻፈበት ዲስክ) ላይ ብቻ ነው የሚቀዳው። እኔ በፕላስ አር (DVD+R) ሁለት ቀን ተጃጅያለሁ።

ጠያቂ፦ የኔም ፕላስ ነበር 😅 በማይነስ ቀዳ። ኮምፒውተሬ ላይ ግን አይከፍትም።

መልስ 2፦ ፋይናላይዝ አድርገው፣ ማለትም ቅጂውን ዝጋውና ሌላ ማሽንም እንዲያነበው አድርገው፤ ሜኑው ውስጥ አለ።