«ኤቡሮኔስ»፦ የዱር አሳማ ወይስ ዛፍ?

ጥያቄ፦ የሮማው ጦር መሪ ዩሊየስ ቄሳር በጋሊያ (በዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ) የተዋጋቸው፣ በራይንና በሜውዝ ወንዞች መካከል የኖሩት የኤቡሮኔስ ነገድ ሰዎች ስማቸው ምን ማለት ነው? አንዱ «የዱር አሳማ» ይላል፣ ሌላው የዛፍ ስም ነው ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ግራ ብትጋባ አይፈረድብህም፤ ሁለቱ ቃላት በድምፅ መንታ ናቸው። በጥንቱ የጀርመናውያን ቋንቋ «ኤቡራዝ» የዱር አሳማ ነው፤ የዛሬው ጀርመንኛ «ኤበር» የመጣው ከሱ ነው። በኬልቲክ፣ ማለትም በጥንቶቹ የጋሊያ ሰዎችና የአይሪሾች የቋንቋ ቤተሰብ፣ ግን «ኤቡሮስ» ዛፍ ነው፤ በጥንቱ አይሪሽም «ኢባር» ይባላል። እንግሊዞች «የው» የሚሉት፣ ቅጠሉ የእኛን ዝግባ የሚመስል መርዘኛ ዛፍ።

እኔ ወደ ዛፉ አደላለሁ። የነገሥታቱን ስም ተመልከት፦ አምቢዮሪክስና ካቱቮልኩስ። «ሪክስ» ንጉሥ፣ «ካቱ» ጦርነት፣ ሁለቱም ጥርት ያለ ኬልቲክ። ሽማግሌው ካቱቮልኩስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ጦርነቱም ሽሽቱም ሲከብደው በዚሁ ዛፍ መርዝ ራሱን እንዳጠፋ ቄሳር ጽፏል። ማስረጃ ነው አልልም፤ ግን እንዴት ይታለፋል?

ሌላ አባል፦ ቄሳር ራሱ እኮ ከ«ጀርማኒ» (ከጀርመናውያን) ነው የቆጠራቸው! የንጉሥ ስም ከጎረቤት ይወሰዳል።

መልስ፦ ይወሰዳል፣ እውነት ነው። ቄሳር ግን የሚያወራው ከራይን ማዶ ስለመምጣታቸው እንጂ ስለ ቋንቋቸው አይደለም። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በ98 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲጽፍ፣ «ጀርማኒ» መጀመሪያ ራይንን የተሻገረው የአንድ ነገድ ስም ብቻ እንደነበረ፣ ለሁሉም የተዳረሰው በኋላ እንደሆነ ይናገራል። ያ ነገድ በሱ ዘመን ቱንግሪ ይባላል፤ የሰፈረውም በኤቡሮኔስ አገር ነው! እንግዲህ «ጀርማኒ» የሚለው ስም ራሱ ኬልቲክ ሊሆን ይችላል፤ «ጎረቤት» ከሚል ቃል የሚያመጡት አሉ። በጀርመናውያን ቋንቋ «ጌር» የሚወረወር ጦር፣ «ማን» ሰው የሚለው ታዋቂ ፍች ግን አይዋጥልኝም፤ በዚያ ዘመን የጦሩ ስም ገና «ጋይዛዝ» ነበር፣ «ር» የገባበት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ የእንግሊዟ ከተማ የዮርክ ስምስ?

መልስ፦ ጥሩ አነሳህ። ሮማውያን «ኤቡራኩም» ይሏት ነበር፤ ብዙዎች ከዛፉ ስም ነው የሚያወጡት። አንግሎ ሳክሶኖች ሲመጡ በጆሯቸው የገባው የራሳቸው «ኤኦፎር» (የዱር አሳማ) ሆነና ከተማዋን «ኤኦፎርዊክ» አሏት። ዛፉ አሳማ ሆኖ አረፈው።