መድኃኒቱ «እረፍት» ይፈልጋል? የሐዋሳ ልጆች ክርክር

አስተባባሪ፦ «ቫይረሱ በደምህ አይታይም የተባለ ሰው የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ለጥቂት ወራት ቢያሳርፍ ምን አለበት?» ትናንት የተነሳው ጥያቄ ይሄ ነው። ስድብ እሰርዛለሁ።

የታቦር ልጅ፦ ጠያቂው እኔ ነኝ። ዕድሜ ልክ ኪኒን ሲዋጥ ጉበቱስ፣ ኩላሊቱስ? ድሮ ሐኪሞቹ ራሳቸው ብዙውን ሰው ሲዲ ፎሩ፣ ማለትም በሽታ የሚከላከለው የደም ሕዋስ ቁጥር፣ ከ200 በታች ካልወረደ አያስጀምሩም ነበር። ያኔ መቆየት ከተቻለ አሁን ማረፍ ለምን ወንጀል ይሆናል?

የአቶቴዋ ነርስ፦ ወንድሜ፣ ያንተን ጥያቄ ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። ስማርት የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ በ33 አገሮች 5,472 ሰዎችን አሳተፈ። ግማሹ ሳያቋርጥ ዋጠ። ሌላው ሲዲ ፎሩ ከ350 በላይ ሲሆን እያቆመ፣ ከ250 በታች ሲወርድ እንደገና እየጀመረ ተከታተለ። በ2006 መጀመሪያ ላይ ማሳረፉ ይቁም ተባለ። መድኃኒቱን ካሳረፉት መካከል 120 ሰዎች አጋጣሚ ጠብቆ በሚመጣ በሽታ ተይዘዋል ወይም ሞተዋል፤ ካላቋረጡት 47። አንተ የሳሳህላቸው ጉበትና ኩላሊት፣ ልብም ጭምር፣ የባሰ የተጎዱት ባረፉት ላይ ነው። ቫይረሱ ሲለቀቅ ሰውነትን ያስቆጣል፤ ጉዳቱ ሲዲ ፎር እስኪወርድ አይጠብቅም። መጠበቁም ቢሆን በ2015 ስታርት በተባለው ጥናት ተሽሯል፤ ከ500 በላይ እያለ መጀመር ይሻላል ተብሏል።

ባለ ባጃጁ፦ ሲስተር፣ የፈረንጅ አካልና የኛ አንድ ነው? እነሱ በልተው ነው የሚውጡት።

የአቶቴዋ ነርስ፦ ኮትዲቯር ውስጥም ሞክረውት በ2005 አቁመውታል። ባለ ባጃጁ፣ አፍሪካዊ ናቸው አይደል? ለአብዛኛው ሰው ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይታያል፤ መድኃኒቱ የማይደርስባቸው የተኙ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ነው የሚቆየው። «የማይታይ አይተላለፍም» የሚባለውም ያኔ ያበቃል። ጉበቱ ላይ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰውማ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ኪኒኑ ያንንም ይዞለት ስለነበር ሲያቆም ሊያገረሽበት ይችላል።

ሐይቅ ዳር፦ ፀበል ሄደው የጣሉትስ? አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለዋል። ዛሬም «ተፈውሰሻል፣ ኪኒኑን ጣይው» የሚል አገልጋይ አለ። እንዲህ ያለው በሕግ ይጠየቅ ባይ ነኝ።

የታቦር ልጅ፦ እምነትን ፍርድ ቤት አታስገቡ! ምዕመኑ ልጅ አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦ ምዕመኑ ሲሞት ሰባኪው ለቅሶ ይደርሳል፣ አለቀ?

የማታ ፈረቃ፦ እናንተ ስለ ጥናትና ስለ ሰባኪ ትከራከራላችሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የማውቃቸው ልጆች ያቋረጡት ለጉበታቸው አስበው አይደለም። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ብልቃጡ የት ይደበቅ? ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ ጥጥ ይጠቀጥቁበታል። የቀጠሮው ቀን ከፈረቃ ጋር ሲጋጭ አለቃው «ምንሽን አመመሽ?» ይላል። እዚሁ ሐዋሳ መውሰድ አፍራ ሻሸመኔ የምትመላለስ አለች፤ ትራንስፖርት ሲወደድ ቀረች። «እረፍት» የምትሉት ይሄ ነው።

የአቶቴዋ ነርስ፦ እህቴ፣ ቫይረሱ በደሟ የማይታይና የተረጋጋች ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ትችላለች። በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው የምትመጣው። ጠይቂላት።

የማታ ፈረቃ፦ ያቋረጠችውስ? ተመልሳ ስትገባ የሚጠብቃት ቁጣ ነው፤ ስድስት ወሩ የሚሰጠው ለተረጋጋ ነው አላችሁ።

የአቶቴዋ ነርስ፦ መጀመሪያ ላይ ቀጠሮዋ ይቀራረባል፣ አልዋሽሽም። የሚቆጣት ካለ ግን እኔ ጋ ላኪያት።

የማታ ፈረቃ፦ እሑድ ትገቢያለሽ?