ኞኪ ሳይቀቀል በአንድ መጥበሻ ይሆናል ወይ? ከሥራ መልስ ለሚሠራ እራት

ማሂ ልደታ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ኩሽና የምትችሉ ሰዎች እስቲ እርዱኝ። ሥራዬ ካዛንቺስ ነው ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የታክሲ ሰልፉን ጨርሼ ቤት ስደርስ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል፣ ልጆቹ ርቧቸው ነው የሚጠብቁኝ እና ከዛ በኋላ ሽንኩርት አቁላልቼ ወጥ ልሥራ ብል ሦስት ሰዓት ነው የምንበላው። ሽሮ አለ እሱ ከቤት አይጠፋም፣ ግን በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ለየት ያለ ነገር እንዲበሉልኝ እፈልጋለሁ። ሱፐርማርኬት ፓስታው ጋ የተደረደረ ኞኪ አየሁና ገዛሁ፣ ያው የጣልያኑ በድንች ሊጥ የሚሠራው ድብልብል ነገር፣ በላስቲክ የታሸገ 500 ግራም። ጀርባው ላይ ብዙ ውኃ አፍሉና ጨምሩት ሲንሳፈፍ አውጡት ነው የሚለው። የኔ ችግር ስቶቬ ባለ ሁለት ቢሆንም አንዱ አይሠራም፣ ስለዚህ ውኃ አፍልቶ፣ ቀቅሎ፣ አጥልሎ፣ ከዛ ደግሞ እንደገና ሱጎ ማቁላላት ማለት ከወጡ በምን ተሻለ? ጓደኛዬ ሳይቀቀል መጥበሻ ላይ ይሆናል አለችኝ ግን እሷም ሰምታ ነው እንጂ ሠርታው አታውቅም። እውነት ይሆናል? ከሆነ ውስጡ ጥሬ እንዳይሆን፣ ደግሞም እንዳይጣበቅ ምን ላድርግ? ረቡዕና ዓርብ ስለምንጾም የጾም አሠራርም ካላችሁ ጻፉልኝ። አንድ መጥበሻ ብቻ ነው እንግዲህ፣ ማታ ዕቃ ማጠቡም አለ።

ቤቲ አራት ኪሎ

ማሂዬ ይሆናል! እንዲያውም እኛ ቤት ከተቀቀለው ይልቅ የሚወደደው የተጠበሰው ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ የታሸገው ኞኪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቀድሞ በስሎ ከደረቀ ድንች ነው፣ የያዘው እርጥበትም ለራሱ ይበቃዋል። ስለዚህ መጥበሻ ላይ የሚቀርሽ ውስጡን ማሞቅ፣ ዱቄቱን ማብሰልና ውጩን ማድረቅ ነው። በፈላ ውኃ ከነከርሽው ግን መጀመሪያ ያንን ውኃ ማትነን አለብሽ፣ እሱ እስኪተን ደግሞ ይለሰልስና እርስ በርሱ ይያያዛል። በቃ ነገሩ ሁሉ ውኃ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላስቲኩን ክፈችና የተጣበቁትን በእጅሽ አላቂያቸው፣ እንዳታጥቢያቸው። ሰፊ መጥበሻ ይሁን፣ 500 ግራሙ ሳይደራረብ ተርታውን መተኛት አለበት፣ መጥበሻሽ ጠባብ ከሆነ ግማሹን አስቀድመሽ ጥበሺ ምክንያቱም ከተደራረበ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ እዛው ይቀቀላል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት አድርጊ፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ዘይቱ ሲሞቅ ጨምሪ። ከዛ እጅሽን ሰብስቢ! ሦስት አራት ደቂቃ አትንኪው። እኛ ወጥ ማማሰል የለመድን ሰዎች እጃችን አያርፍም፣ ኞኪ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ካማሰልሽው ይላላጥና ሥሩ መጥበሻው ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ሲንጫጫ ትሰሚያለሽ፣ ቀስ እያለ ድምፁ ይቀንሳል፣ ዳር ዳሩ ቡናማ መስመር ያወጣል። ልክ እንጀራ ሲደርስ ጠርዙ ከምጣዱ እንደሚነሳው ኞኪውም ሲደርስ ራሱ ይለቃል፣ መጥበሻውን ወዝወዝ ስታደርጊው ይንሸራተታል። ያኔ ገልብጪው። በጠቅላላው ስምንት አሥር ደቂቃ ነው። አንዱን አውጥተሽ ቁረጪና እዪው፣ መሐሉ ለስላሳና ትኩስ ከሆነ ደርሷል። ውጩ ቀልቶ ውስጡ ሊጥ ሊጥ ካለሽ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጊና አንድ ደቂቃ ክደኚው፣ ከዛ ክዳኑን አንስተሽ እንደገና አድርቂው።

አሁን ኞኪውን ሳህን ላይ አውጪና እዛው መጥበሻ ላይ፣ ሳታጥቢው፣ ትንሽ ዘይት ጨምረሽ ነጭ ሽንኩርት ከትፈሽ ጣል አድርጊ፣ እንዳያርብሽ ወዲያው ቲማቲሙን አስከትዪ፣ ሦስት አራት ቲማቲም በደቃቁ የተከተፈ። ጨው አድርጊበት ቶሎ ይፈርሳል። ቀለሙ ከሳሳብሽ አንድ ማንኪያ ድልህ፣ ግማሽ ስኒ ውኃ። ቆስጣ ካለሽ ቅጠሉን በእጅሽ ቀነጣጥበሽ ጨምሪ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሳቱን አጥፊና መጨረሻ ላይ ኞኪውን መልሺው፣ አንዴ ሁለቴ አገላብጠሽ ወዲያው አቅርቢ። ሱጎው ውስጥ ከቆየ ያ የለፋሽበት ቅርፊት ይለሰልሳል።

ቲማቲም ከሌለሽ ደግሞ የገበታ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ቁንዶ በርበሬ። በቃ! ኞኪውን እሱ ላይ ብታገላብጪው ቤቱ በሙሉ ነው የሚሸተው።

ሐና ስድስት ኪሎ

የጾሙን እኔ ልመልስልሽ ማሂ። መጀመሪያ ላስቲኩ ላይ ያለውን ዝርዝር አንብቢ፣ አንዳንዱ እንቁላል አለው፣ የወተት ዱቄት የሚገባበትም አለ፣ ድንች ዱቄትና ጨው ብቻ የሆነውም ይገኛል። ከዛ እንጉዳይ ነው የምልሽ። እንጉዳዩን በደንብ ጥበሺው፣ ውኃውን አውጥቶ ውኃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ፣ ያኔ ነው የሥጋን ያህል ጣዕም የሚሰጠው። ቃሪያ ስንጥቅ አድርጊበት፣ ለልጆቹ ካቃጠላቸው ፍሬውን አውጪው። በሶብላ ካለሽ ትንሽ ጣል አድርጊ፣ ትንሽ ነው የምልሽ የኛው ኃይለኛ ነው ከበዛ ሌላውን ጣዕም በሙሉ ይውጠዋል። መጨረሻ ላይ ሎሚ ጨመቅ። ቺዝ አትፈልጊም።

ሳሚ ፒያሳ

ሁላችሁም ስለታሸገው ነው የምታወሩት፣ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ እኮ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ትሄዳላችሁ የለም። ድንቹ ጉሊት ሞልቶ! እኔ ቅዳሜ ነው ቤት ውስጥ የምሠራው፣ ለሥራ ቀን ማታ መጥበስ ብቻ ነው የሚቀረኝ፣ እና ማሂ ጊዜ ካለሽ ይሄን ሞክሪው።

አንድ ኪሎ ድንች ከነልጣጩ ቀቅዪ። ከነልጣጩ የምልሽ ውኃ እንዳይጠጣ ነው፣ ቤቲ እንዳለችው ጠላታችን ውኃ ነው፣ ድንቹ ውኃ በያዘ ቁጥር ዱቄት ይጠይቅሻል፣ ዱቄት በበዛ ቁጥር ደግሞ ይደርቅና ማስቲካ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ 20 ደቂቃ ሲሉሽ እኛ ጋ ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ በቢላ ወጋ አድርገሽ ነው ማየት ያለብሽ እንጂ ሰዓት አትመኚ። ፕሬዠር ካለሽ እሰየው። እንደበሰለ በትኩሱ ላጪው፣ በሹካ አድቅቂው፣ ትሪ ላይ ዘርግተሽ እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ተዪው። ከዛ 250 ግራም ያህል ፉርኖ ዱቄትና ጨው ነስንሰሽ ሰብሰብ አድርጊው፣ እንደ ዳቦ ሊጥ አታሺው፣ ሲያያዝ አቁሚ። በጣት ውፍረት አድቦልቡዪ፣ በሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁረጪ። ይሄ ግን ትኩስ ሊጥ ስለሆነ ጥሬውን መጥበሻ ላይ ብታደርጊው ይፈርሳል፣ እዛው ቅዳሜ ቀቅዪው፣ ሲንሳፈፍ በጭልፋ አውጥተሽ አጥልዪው፣ ዘይት ቀባ አድርገሽ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። እስከ ሰኞና ማክሰኞ ማታ መጥበሻ ላይ ነው በቃ፣ ከዛ ካለፈ አታቆዪው።

ድንቹም ይለያያል። አዲስ የተቆፈረው ቀጭን ልጣጭ ያለው ውኃ ይበዛዋል፣ ቆየት ያለውና ሲቀቀል ፍርክስክስ የሚለው ነው የሚፈለገው። ሻጯ የትኛው እንደሆነ ካላወቀች ቤት ፈትኚው፣ አንድ እጅ ጨው በ11 እጅ ውኃ በጥብጠሽ ድንቹን ጣል ስታደርጊው ፍርክስክስ የሚለው ይሰምጣል፣ ውኃ ያዘለው ይንሳፈፋል። የሚንሳፈፈውን ለአልጫ አድርጊው።

ጋሽ ፖፖላሬ

ልጆች ጥሩ እየተመካከራችሁ ነው። እኔ ብዙ ዓመት በሆቴል ኩሽና ሠርቻለሁ፣ ስለ ኞኪ አንድ ሐሳብ ልጨምር። መጥበሱ ክፋት የለውም ይጣፍጣል፣ ግን ጣልያኖቹ ከኞኪ የሚፈልጉት ልስላሴውን ነው። ሮማ ውስጥ ኞኪ የሐሙስ ምግብ ነው፣ ዓርብ ከሥጋ የሚከለከሉበት ቀን ስለነበር በዋዜማው ሆድ የሚይዝ ነገር ይበላ ነበር፣ ይሄ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ድንች ሳይመጣ በፊት በዱቄትና በዳቦ ፍርፋሪ ነበር የሚሠሩት፣ ድንች ከደቡብ አሜሪካ አውሮፓ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው ያመጣው። እና ማሂ ልጄ፣ አንድ መጥበሻ ብቻ ካልሽ ከመጥበስ ሌላም መንገድ አለ። መጀመሪያ ሱጎውን ሥሪ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድልህ። በደንብ ከበሰለ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጨምረሽ አቅጥኚው፣ ሲፈላ የታሸገውን ኞኪ እንዳለ ጨምሪበት፣ ክደኚ፣ አራት አምስት ደቂቃ፣ መሐል ላይ አንዴ አማስዪው። ከኞኪው የሚወጣው ስታርች ሱጎውን ያወፍረዋል፣ ያ ውኃ የትም አይደፋም ወጡ ውስጥ ነው የሚቀረው። ጾም ካልሆነ ፕሮቮሎኔ ቺዝ ፈቅፍቀሽ ከላይ በትኚና እሳቱን አጥፍተሽ እንደተከደነ ሦስት ደቂቃ ተዪው፣ ይቀልጣል። ሶሬንቶ ውስጥ ይሄንኑ በሞዛሬላ ቺዝና ባዚል በሚባለው በሶብላ መሰል ቅጠል አድርገው ፎርኖ፣ ማለትም ኦቨን፣ ያስገቡታል፣ ፎርኖ ለሌለው ክዳን ይበቃል።

ቤቲ አራት ኪሎ

ጋሼ እናመሰግናለን፣ የሱጎው ለታመመ ሰው ለትልቅ ሰውም ይሻላል። ግን ልጅ ላለበት ቤት እኔ አሁንም የተጠበሰውን ነው የምለው፣ ልጆች የሚወዱት ያንን ሲነክሱት ከሽ የሚለውን ነው፣ እጃቸው ላይም አይቀልጥም። ደግሞ ቆስጣ አልበላም የሚል ልጅ እንኳ ከቅርፊቱ ጋር ተደባልቆ ሲመጣ ይበላዋል።

ማሂ ልደታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ቤቲዬ ያልሽውን ዛሬ ማታ ሠራሁት፣ ሱጎውን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ቆስጣው ሳይቀር ተበላ። ትልቁ ልጄ ከመጥበሻው ላይ እያነሳ ነው የጨረሰው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ የኔ ስቶቭ የኤሌክትሪክ ነው፣ ብረቱ አንዴ ከጋለ ብቀንሰውም ቶሎ አይበርድም፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ቶሎ ቶሎ እየቀላ አስቸገረኝ። ሁለተኛ ለነገ ምሳ ዕቃ ላስቀምጥላቸው አስቤ ነበር፣ ይሆናል? ጋሼ የእርስዎን ደግሞ ሐሙስ እሞክረዋለሁ፣ ቺዙንም ገዝቼ።

ሳሚ ፒያሳ

ለስቶቩ፣ ማዞሪያውን ትተሽ መጥበሻውን ነው የምታንቀሳቅሺው። መቅላት ሲጀምር አንስተሽ ጎን ላይ አሳርፊው፣ በራሱ ግለት መብሰሉን ይቀጥላል፣ ሲቀዘቅዝ መልሺው። ወፍራም መጥበሻ ከሆነ ደግሞ ግለቱን እኩል ያከፋፍልልሻል። እኔ ጋ መብራት ሲሄድ በከሰል ሠርቼዋለሁ፣ ፍሙ በደንብ ከሰከነ በኋላ ነው እንጂ ነበልባል እያለ አይሆንም።

ቤቲ አራት ኪሎ

ለምሳ ዕቃ የተጠበሰውን አትላኪው ማሂ፣ ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ ይጠነክርና እንደ ቆዳ ይለጠጣል፣ ጣዕሙ ሁሉ በትኩሱ ነው። ለምሳ የጋሼን ሥሪላቸው። ማታ ሱጎው ውስጥ አብስለሽ፣ ቀዝቀዝ ሲል ፍሪጅ አስገቢው፣ ጠዋት ሱጎውን ስለሚጠጣው ወፍሮ ታገኚዋለሽ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውኃ ጨምረሽ በደንብ አሙቂውና ምሳ ዕቃ ውስጥ ጨምሪው። ቺዙን ለብቻ በትንሽ ላስቲክ ጠቅልለሽ ላኪላቸው፣ አብሮ ከሞቀ ይረጋል።