የ5 ወር ልጅና የእህቴ የላይኛው ጆሮ፦ ወርቅ ቤት ወይስ ክሊኒክ?

ማሂ_ገርጂ

ሰላም እንዴት ናችሁ? ሁለት ሰው ላስበሳ ነው። የ5 ወር ሴት ልጄን ታችኛውን ለስላሳ ጆሮ፣ የ19 ዓመት እህቴን ደግሞ ላይኛውን ጠንካራውን። ሰፈር ያለው ወርቅ ቤት በማሽን ይበሳል፤ ጌጡን ከገዛን ብሱ በነጻ ነው ብለውናል። ክሊኒኩ በመርፌ ነው የሚሠራው። እማዬ ግን "መርፌና ክር፣ ላዩን ቅቤ፣ አለቀ" ትላለች።

የቱ ጋ ልውሰዳቸው? ጉትቻው ስንት ካራት ይሁን? ቤት ስንመለስ በምን ልጠበው? አንድ ነገር ልጨምር፤ አክስቴ ከተበሳች በኋላ ጆሮዋ ላይ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ነገር ወጥቶባት እስካሁን አልጠፋም።

ሲስተር_ቲጂ

ከልጅቷ ልጀምር። የክትባት ካርዷን አውጥተሽ እዪ። ፔንታቫለንት (አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት) በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ሦስቴ ይሰጣል፤ የመንጋጋ ቆልፍና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ውስጡ አለ። ሦስቱንም ወስዳ ከሆነ 5 ወር ጥሩ ጊዜ ነው። አንዱ ካመለጣት መጀመሪያ እሱን። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ካላትም እስኪሻላት አቆዪው፤ የጆሮ ብስ የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

እማማን አታስቀይሚ፣ ግን በክርና በቅቤው እሺ አትበዪ። ክር ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ መጥጦ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይውላል፤ ጀርም የሚመቸውም እርጥበት ነው። ቅቤ ደግሞ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ መውጣት ያለበት ፈሳሽ እዚያው ይታፈናል።

ማሽኑ ሁለት ችግር አለበት። አብዛኛው አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ አውቶክሌቭ ውስጥ፣ ማለትም በ121 ዲግሪ እንፋሎት በሚያመክነው ዕቃ ውስጥ፣ አይገባም። ስለዚህ በአልኮል ይጠርጉታል፤ መጥረግ ግን ማምከን አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ሁለተኛው፣ መርፌ ሥጋውን ቆርጦ ነው የሚያልፈው፤ ማሽኑ ግን የጉትቻውን ደነዝ ጫፍ በኃይል ገፍቶ ያስገባል። ሥጋው ይጨፈለቃል፣ እብጠቱም ይበዛል።

ክሊኒኩ "በመርፌ" ሲል ብዙ ጊዜ ካኑላ ማለቱ ነው፤ ያው ግሉኮስ የሚሰጥበት፣ መርፌው በስስ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያለው። በደንብ ሲሠራ እንዲህ ነው፦ ጆሮው በ70% አልኮል ይጠረግና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ልጅቷን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ሁለቱም ጆሮ ላይ ነጥብ ይደረጋል (ተኝታ ከሆነ ጆሮው ስለሚንሸራተት ነጥቡ ይስታል)። ፊት ለፊቷ ሆነሽ እዪው፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ አስጠፍተሽ እንደገና አስደርጊ። ከዚያ ካኑላው ከኋላ ወደ ፊት ያልፋል፣ መርፌው ይወጣል፣ ፕላስቲኩ ይቀራል። የጉትቻው ዘንግ ከፊት በኩል ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባና አብሮ ወደ ኋላ ይሳባል። 0.8 ሚሊ ሜትር ዘንግ አረንጓዴው ካኑላ (ቁጥር 18) ውስጥ ይገባል፤ ሮዙ (ቁጥር 20) ይጠበዋል። ይህን ቀድሞ ያልለካ ባለሙያ መሐል ላይ ጉትቻውን በጉልበት መግፋት ይጀምራል፤ ልጅም አምርራ የምታለቅሰው ያኔ ነው።

ካኑላው አንቺ ፊት ከማሸጊያው ይውጣ፣ ጓንቱ አዲስ ይሁን። የራስሽን ጉትቻ ካመጣሽ ደግሞ ቀደም ብለሽ ስጪያቸውና አውቶክሌቭ ይግባ። በሙጫ የተለጠፈ ፈርጥ ያለበት ከሆነ ሙቀቱ ሊፈታው ስለሚችል ፈርጥ የሌለው ይሻላል። ማደንዘዣ ቅባት በራስሽ ገዝተሽ ሕፃን ላይ አትቀቢ።

አንጥረኛው

ሲስተር፣ ማሽኑን እንዲህ አትርገሚብን! የድሮውን ከሆነ እስማማለሁ። አሁን ግን ጉትቻውም መያዣውም ታሽጎ የመከነ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል ካሴት ያላቸው አሉ፤ ቆዳ የሚነካው አካል ሁሉ ይጣላል። ማሂ፣ ወርቅ ቤቱን "ካሴቱን አሳዩኝ" በያቸው። ከሌላቸው ትተሽ ውጪ።

ወደ ወርቁ ስመጣ፣ ለመጀመሪያ ብስ 18 ወይም 21 ካራት ቢጫ ወርቅ ውሰጂ። 18 ካራት 75% ወርቅ ነው፣ 21 ደግሞ 87.5%፤ ማህተሙ 750 ወይም 875 ይላል። 24 ካራት የተሻለ ይመስላል እንጂ ለስላሳ ነው። ዘንጉ ይጎብጣል፣ ቶሎም ይጫጫራል፤ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይቀመጣል። ነጭ ወርቅ ኒኬል ሊኖረው ስለሚችል ለጊዜው ይቅር። ወርቅ ቅብ ጭራሽ አይሆንም፤ ቅቡ ሲላጥ ሥሩ ያለው ብረት ከቁስሉ ጋር ይገናኛል። ብርም ለአዲስ ቁስል አይመከርም፤ ይጠቁራል፣ ቆዳው ላይ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ሊተው ይችላል።

ሰው የማያየው ነገር መያዣው ነው። ፊቱ 21 ካራት ሆኖ የኋላ መያዣው ከሌላ ብረት የተሠራ ብዙ ይገኛል። ጀርባው ብቻ የሚቀላና የሚያሳክክ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ። ለሕፃን የሚጠመዘዝ ባለ ብሎን ይሁን፤ ተስቦ የሚወጣው ቢራቢሮ አፏ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብሎኑን ግን እስከ መጨረሻው አታጥብቂው። ከጆሮዋ ጀርባ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካልተውሽ እብጠቱ ሲመጣ ጉትቻው ሥጋው ውስጥ ይሰጥማል። ቀለበትና ተንጠልጣይ ለኋላ።

ሲስተር_ቲጂ

የካሴቱን ተቀብያለሁ፣ ለታችኛው ጆሮ ብቻ። ለእህቷ ግን በካሴትም ቢሆን ማሽን አይሆንም።

በሺ_ከዲሲ

ትክክል። የላይኛው ጆሮ ካርቲሌጅ (ለምለም አጥንት) ነው፤ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው የሚመገበው ከላዩ ካለው ስስ ሽፋን ነው። በማሽን ሲመታ ካርቲሌጁ ሊሰነጠቅ፣ ሽፋኑም ሊላቀቅ ይችላል። ጀርም ከገባ ደግሞ መድኃኒቱ በደም በኩል እዚያ ለመድረስ ይቸገራል። ዋናው ጠላት ሱዶሞናስ የሚባል እርጥበት የሚወድ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ከአንድ የጌጥ መሸጫ ብዙ ሰው በዚህ ተይዟል፤ ምንጩ የተበከለ የማጽጃ ጠርሙስ ነበር፣ መብሻውም ማሽን። ካርቲሌጁ ከሞተ ጆሮው ይጨማደዳል፤ ለመመለስ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ለእህትሽ፦ ውስጡ ክፍት የሆነ የመብሻ መርፌ፣ 1.2 ሚሊ ሜትር (በእኛ ሙያ ቁጥር 16)። ጌጡ ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነ የቲታኒየም ዘንግ፤ "ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ኤፍ136" የሚል መለያ ያለው ለሰውነት ውስጥ ተከላ የሚያገለግለው ነው። ርዝመቱ መጀመሪያ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ለእብጠቱ ቦታ እንዲተርፍ። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ሲወርድ ወደ በሺው ተመልሳ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ታሳጥረው። ብዙ ሰው ይህችን ነው የሚዘላት። ረጅሙ ዘንግ እንዳለ ሲቀር ከትራስና ከፀጉር ጋር እየተያዘ ቀዳዳውን ያጣምመዋል፣ ጎኑ ላይም ጉብታ ያወጣል። ሙሉ በሙሉ ለመዳን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈልጋል። በ2 ወር ያልታመማት ማለት ድኗል ማለት አይደለም፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚድነው። አንድ ጆሮ ብቻ ትበሳ፣ የምትተኛበት ጎን ይኑራት።

የቆዳ_ነገር

የአክስትሽን ነገር ማንም አላነሳውም። ከብሱ ወሰን አልፎ የሚያድግና በራሱ የማይጠፋ ከሆነ ኬሎይድ ነው። በቤተሰብ ይወርዳል፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፣ ከጉርምስና ጀምሮ እስከ 30ዎቹ ባለው ዕድሜ ይብሳል። 11 ዓመት ሳይሞላቸው የተበሱ ላይ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ለልጅሽ ስጋቱ ከእህትሽ ያንሳል። እህትሽ ግን የሚብስበት ዕድሜ ላይ ናት፤ የላይኛው ጆሮ ደግሞ ሲወጣ ለማከም አስቸጋሪው ቦታ ነው። እህትሽ የክትባት ጠባሳዋ ወይም የድሮ ቁስሏ አብጦ ጠንክሮ የቀረ ከሆነ እኔ ብሆን አታስበሺ እላታለሁ።

ጉብታ ሁሉ ኬሎይድ አይደለም። በሳምንታት ውስጥ ቀዳዳው አፍ ላይ የሚወጣው ትንሽ ቀይ ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ ከመነካካት ነው፤ ጌጡ ሲስተካከል ይወርዳል። ኬሎይድ ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜ ከ3 ወር በኋላ ይመጣል፣ ያሳክካል፣ ያድጋል። ዋናው ሕክምና ትሪያምሲኖሎን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ) መርፌ ነው፤ እብጠቱ ውስጥ በየ4 እስከ 6 ሳምንት ይሰጣል። አክስትሽ "ቆርጠን እንጣለው" የሚላት ካለ ከመርፌው ወይም ቦታውን ተጭኖ ከሚይዝ ነገር ጋር ካልሆነ እንዳትስማማ። ብቻውን ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ገዝፎ።

ማሂ_ገርጂ

በጣም አመሰግናለሁ። እህቴ ትከሻዋ ላይ ያለው የክትባት ጠባሳ ጠፍጣፋ ነው፣ አሁንም ታስብበት ብያታለሁ። የቀረው አጠባበቁ ነው። ወርቅ ቤቱ "ጠዋት ማታ አዙሩት" ብሎናል። ልጄ ራስ ላይ ቅቤ እንቀባለን፣ እህቴ ሹሩባ ትሠራለች። ቁስሉ ላይ ቴትራሳይክሊን ይሆናል?

ሲስተር_ቲጂ

አታዙሩት። ዘንጉ ላይ የሚደርቀው ነጭ ቢጫ ቅርፊት የቁስሉ ፈሳሽ ነው፤ ሲዞር ያ ሻካራ ነገር አዲሱን ቆዳ ይቧጭረዋል፣ ቁስሉም እንደ አዲስ ይጀምራል።

የምትጠቢው በኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) 0.9% ነው፣ በቀን ሁለቴ። መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና። ጎዝ በሳላይን አርሰሽ ፊቱንም ጀርባውንም ለሁለት ደቂቃ ያዢበት፤ ቅርፊቱ ሲለሰልስ ጥረጊውና በደረቅ ጎዝ አድርቂ። ጥጥ አይሁን፣ ክሩ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ፋርማሲ ትንሹን ብልቃጥ ጠይቂ፤ ትልቁን ከረጢት ከከፈትሽ በ24 ሰዓት ውስጥ መጣል አለበት። ካጣሽ 1 ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል፣ ጨምረሽ አቀዝቅዢ፤ በየቀኑ አዲስ። ጨው ሲበዛ ይሻላል ብለሽ አትጨምሪ፣ ያደርቃል፣ ያቃጥላል።

ቴትራሳይክሊን አያስፈልግም፤ ቅባት እንደ ቅቤው ይደፍናል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ጀርሙንም አዲሱን ሥጋም አብረው ይገድላሉ። ጂቪ (ሐምራዊው የቁስል መድኃኒት) ደግሞ ቀለሙ መቅላቱን ይሸፍንብሻል።

ቅቤውን ለልጅሽ 6 ሳምንት አቁሚ፤ ሌሊት ቀልጦ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። እህትሽ ሹሩባውን ከመበሳቷ በፊት ትሠራ፣ ከጆሮዋም ይራቅ። ሻርፕና ነጠላ ስታወልቅ ቀስ ትበል፣ ክሩ ጌጡ ላይ ይያዛል።

መጀመሪያ ቀናት ትንሽ መቅላት፣ ማበጥና ማሳከክ ያለ ነው። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሞቀ፣ ወፍራም አረንጓዴ ወይም የሚሸት መግል ከወጣ ወይም ልጅቷ ካተኮሰች ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ጉትቻውን ግን ራስሽ አታውጪ። ቀዳዳው ይዘጋና መግሉ ውስጥ ይቀራል። የእህትሽ የላይኛው ጆሮ ካበጠና ሲነካ ካመማት በዚያው ቀን ትሂድ፣ ያበጠው ሱዶሞናስን የሚነካ መድኃኒት ሊፈልግ ስለሚችል ካርቲሌጅ መበሳቷን ለሐኪሙ ትንገረው።

የልጅሽን ጉትቻ ከ8 ሳምንት በፊት አትቀይሪ። ስትቀይሪም አዲሱን በሳላይን አጥበሽ ዝግጁ አድርጊ፣ አንዱን አውጥተሽ ወዲያው ተኪ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂጂ። በመጀመሪያው ዓመት ቀዳዳው ባዶ ካደረ ጠዋት ላይገባልሽ ይችላል።